ድልድሉን አንሥታችሁ እዩ

ይህን የምጽፈው በእንስሳት ሕክምና ለተመረቃችሁና ለመመረቅ ለተቃረባችሁ ልጆቼ ነው። ባለፈው ክረምት ዘጠና ዓመታቸውን አልፈው ስላረፉ አንድ የኮሪያ ዘማች ላወራችሁ እፈልጋለሁ። ቤታቸው ኮምቦልቻ፣ የሐረጎ መንገድ ወደ ደሴ መውጣት ከሚጀምርበት ግርጌ ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው።

ከደብረ ዘይት ተመርቄ ኮምቦልቻ ስመደብ ገና ልጅ ነበርኩ። በመጀመሪያው ወር አንድ ገበሬ የከሳች አህያ ይዞ መጣ። ከቆምኩበት ሳልንቀሳቀስ የሆድ ትል ነው ብዬ መድኃኒት ሰጠሁትና ቀጣዩን ጠራሁ። በቅሏቸውን ይዘው ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ጋሼ ወደ አህያዋ ሄዱ፤ አንገቷን አሻሽተው ድልድሉን፣ ከጭነቱ ሥር ጀርባዋ ላይ የሚነጠፈውን መደላድል፣ አነሡት። ከሥሩ መዳፍ የሚያክል ገጣባ ነበር። ሽታው ዛሬም አይረሳኝም።

«ዶክተር፣ እንዲህ ቆስላ ሣር እንዴት ይጣፍጣት?» አሉኝ።

በሰው ፊት ስለሆነ ተናደድኩ። ማታ ግን ቤታቸው ሄድኩ። የራሳቸውን ድልድል አውጥተው አሳዩኝ፤ ግራና ቀኙ በጭድ ወፍሮ መካከሉ ክፍት ነው፤ ሸክሙ በጎንና ጎን እንዲያርፍ እንጂ አከርካሪውን እንዳይነካ። ያንን ካላስተካከላችሁ ቁስሉን በየሳምንቱ ብታጥቡትም አይድንም። በአርባ ዓመት ሥራዬ ከዚያ ምሽት የበለጠ የጠቀመኝ ትምህርት የለም።

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአገር የወጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ አባል ነበሩ። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የእኛው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ እንደሚባሉት ማለት ነው። «በፈረስ ስም ተጠርቼ ዘምቼ እንስሳ ልበድል?» ይሉ ነበር። ስለ ውጊያው ብዙ አያወሩም። ከኢትዮጵያ ወታደር አንድም አለመማረኩን ከነገሩን በኋላ ወሬው ሰዎቹ ጥለውት ወደ ሸሹት መንደር ይዞራል፤ በበረዶ ውስጥ ታስሮ ስለቀረ በሬ፣ ገመዱንም ስለ መቁረጣቸው።

ሰባት ልጆች አሳድገዋል። እንስሳቱ ውኃ መጠጣታቸውን ሳያይ እራት የሚቀርብ ልጅ አልነበረም፤ እሳቸውም ጭምር። ባለቤታቸው የታመሙ ጊዜ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጃቸው አጉርሰዋቸዋል። የቅሬው፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ሰው ከዘማችነታቸው ይልቅ ይህን ነው የሚያነሣው።

ሙያችሁ አነስተኛ የሚመስላችሁ ቀን ይመጣል፤ እኔም ላይ መጥቷል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በክፉ ቀን፣ ከብቱን ፈጅቶ አገሩን ለረሃብ የዳረገው ደስታ የሚባለው በሽታ ነበር። ጋሼ ታሪኩን ከአያታቸው ሰምተዋል። በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ ሮጬ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ ዝም አሉ፤ ከዚያም ክትባት ተሸክመው ቆላ የወረዱትን ባልደረቦቼን አንድ በአንድ፣ ማን በሕይወት እንዳለ ጠየቁኝ። እናንተም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተው በአጠገባችሁ ይኖራሉ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስጎበኛቸው ዓይናቸው ፈዝዞ ነበር። የልጅ ልጃቸው አህያዋን እስከ በረንዳው አመጣችላቸው። በእጃቸው ጀርባዋን ዳሰሱ፣ ከዚያም ድልድሉን።

«ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«የቀኙ ሳስቷል። ጭድ ጨምሪበት።»

ልጅቱ ወስፌዋን ልታመጣ ገባች። እኔም ጭዱን ያዝኩላት።