«ወረረኝ» ያሉት ገበሬ

ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? እዚህ ደብረ ብርሃን ብርዱ ጉድ ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ያድራል። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ በስልኬ እየጻፍኩላችሁ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ እናንተን መምከር ሆኗል፤ ካልሰለቻችሁ የምንመርጠው ቃል ሐሳባችንን እንዴት እንደሚመራው አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ፍርድ ቤት ነው። መጀመሪያ መንዝ ውስጥ የወረዳ ዳኛ፣ ኋላ ደግሞ እዚሁ ጠበቃ ሆኜ። ሙያህ ምንድን ነው ብትሉኝ ሕግ እላችኋለሁ፤ እውነቱን ግን የሰው ቃል ስሰማ ነው የኖርኩት። ፖሊስ ቃል ይቀበላል፣ ምስክር ቃሉን ይሰጣል። ደግሞ በአማርኛችን «ነገር» ማለት ጉዳይም ነው፣ ክርክርም ነው፣ ንግግርም ነው። ጠበቃን ድሮ «ነገረ ፈጅ» የሚሉት በከንቱ አልነበረም።

መንዝ ሳለሁ አንድ የድንበር ክስ ቀረበልኝ። ከሳሹ ስልሳውን ያለፉ ገበሬ፣ ተከሳሹ የገዛ አበልጃቸው። ክሱን የጻፈላቸው በር ላይ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ «በማን አለብኝነት ይዞታዬን ወርሮ» ይላል። ሲነበብ ተከሳሹ ብድግ አለ።

«ወረረ? እኔ ጣልያን ነኝ?»

ችሎቱ ሳቀ። ከሳሹ ግን አልሳቁም።

«አባቴ፣ ወረቀቱን ይተዉትና ምን እንዳደረገ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ወረረኝ!»

«እሺ፣ ሲወርርዎት በሬ ነው የያዘው ጠመንጃ?»

«በሬ ነዋ።»

ቀስ እያለ ወጣ። በሬው ዳር ላይ ሲዞር ወሰኑን እያለፈ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ትልም ገብቷል። ሁለት ትልም! ይቺን በራሳቸው አፍ ሲናገሯት ድምፃቸው ወረደ። ለካ እኚህ ሰው ማመልከቻው ከተጻፈ ጀምሮ ሌሊት እየተገላበጡ የሚያስቡት ስለ ትልም ሳይሆን ስለ ወረራ ኖሯል። ለወረራ ደግሞ መልሱ ጦርነት ነው። ለሁለት ትልም ገመድና ሁለት ሽማግሌ ይበቃል፤ እንደዚያም ሆነ፣ በሽማግሌ ጨረሱት።

ሁሉም ሐሳብ በቃል ነው አልልም። እናቴ ምጣዱ መጋሉን ያለ አንድ ቃል ታውቀው ነበር። ስለ ሰውና ስለ ራሳችን ስናስብ ግን አማርኛው ራሱ ያጋልጠናል። «ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ»፣ «ንቆኛል ብዬ ተቀየምኩ» እንላለን። አያችሁ? መጀመሪያ «ብዬ» አለ፣ ቅያሜው ከኋላ ነው የመጣው። (ይሄን ያስተዋልኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መሆኑ ያሳፍረኛል።)

ሕጉማ ከቃል ሌላ ምን አለው? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ስርቆት ነው፣ 670 ውንብድና። ጠረጴዛ ላይ የረሳኸውን ስልክ አንስቶ የሄደ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል፤ ደብድቦ የነጠቀህ እስከ 15። ስልኩ ያው ስልክ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ገና እንደ ጥፋተኛ አይቆጠር ይላል። ሰፈርና ፌስቡክ ግን ሰው በተያዘ ማግስት «ሌባው» ብለው ይጨርሱታል።

«ሰረቀ» ካልከኝ፣ ምን? መቼ? ከማን? ብዬ እጠይቅሃለሁ። «ሌባ ነው» ካልከኝ ግን ምን እጠይቅሃለሁ? አለቀ። ማሰቡም እዚያው ቆመ።

እኔም ከዚህ አልጸዳሁም። የመጀመሪያ ልጄ ሒሳብ በወደቀ ጊዜ «አንተ ደንቆሮ» ብዬዋለሁ፣ ያውም እንግዳ ፊት። ዛሬ አርባውን አልፏል። ቤት ውስጥ የሚደመር ነገር ሲመጣ እስክሪብቶውን ለእህቱ ያቀብላታል። እየሳቀ ነው የሚያቀብላት። እኔ ግን አልስቅም።

አምና ደግሞ የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት «ጋሼ፣ አበቃልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ደወልኩለት። ምኑ ነው ያበቃው? አልኩት። ዝም። እንደገና ጠየቅሁት፣ እንደዚያ ገበሬ። ብዙ ከተንተባተበ በኋላ «ፊዚክስ ነው የጣለኝ» አለ። በል እንግዲያው ስለ ፊዚክስ እናውራ አልኩት፤ ምዕራፍ በምዕራፍ ቆጠርን፣ እኔ ምንም ባይገባኝም። አሁን ሬሜዲያል እየተማረ ነው።

ትናንት ማታ ደወለ።

«ጋሼ፣ ኤሌክትሪሲቲው ከብዶኛል።»

«የቱ ጋ?» አልኩት፤ ደብተሩን ሲገልጥ በስልክ ይሰማኛል።