የመመረቂያ ጽሑፌ አልከፈት አለኝ

ጥያቄው ሐዋሳ ካለች ተመራቂ ተማሪ ነው፦ «አቶቴ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ሆኜ የመመረቂያ ጽሑፌን ፍላሽ ላይ ሴቭ ሳደርግ መብራት ጠፋ። አሁን ዎርድ ፋይሉ ተበላሽቷል ይለኛል። ፍላሹ ፎርማት ይደረግ አሉኝ። ላስደርገው?»

እህቴ፣ በፍጹም እንዳታስደርጊው! ፎርማት የሚጠቅመው ፍላሹን እንጂ ጽሑፍሽን አይደለም። መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ኮፒ አድርጊ፤ የምትሞክሪው ሁሉ በኮፒው ላይ ይሁን። ፍላሹ ላይ ከእንግዲህ አንዲት ፎቶ እንኳ አትጫኚ፤ አዲስ የሚጻፈው በአሮጌው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ቀጥሎ ኮፒውን በኖትፓድ ክፈቺው። ዝብርቅርቁን አይተሽ አትደንግጪ፤ እሱ ጤነኛ ነው። መነሻው ላይ ፒ እና ኬ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ ተስፋ አለ። ከ2007ቱ ኦፊስ ወዲህ የዎርድ ፋይል በዚፕ የታሸገ ጥቅል ነው፤ ሁለቱ ፊደላትም ዚፕን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው የፊል ካትዝ ስም መነሻዎች ናቸው።

የዚፕ ማውጫ የሚጻፈው በፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። መብራቱ ከዚያ በፊት ከሄደ አብዛኛው ጽሑፍ ተቀምጦ ማውጫው ብቻ ሊጎድል ይችላል፤ ዎርድ ግን ማውጫውን ሲያጣ ሁሉንም አልከፍትም ይላል። ለዚህ ነው ተበላሸ ሲባል ጠፋ ማለት ነው ብዬ የማልቀበለው።

ዎርድ ውስጥ ፋይሉን ከመረጥሽ በኋላ ከኦፕን አጠገብ ባለችው ቀስት «ኦፕን ኤንድ ሪፔር»ን ሞክሪ። ካልሠራ የኮፒውን ስም መጨረሻ ከዶክስ ወደ ዚፕ ቀይሪ። መጨረሻው የማይታይሽ ከሆነ፣ በፎልደሩ ቪው ውስጥ የፋይል ኤክስቴንሽን እንዲታይ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ዚፕ በሚከፍተው ዊንራር በሚባል ፕሮግራም፣ ቱልስ ውስጥ ካለው «ሪፔር አርካይቭ» ገብተሽ ዚፕ የሚለውን ምረጪ። ሪቢልት በሚል ስም አዲስ ፋይል ያወጣልሻል። እሱን ስትከፍቺ ዎርድ የሚባል ፎልደር ታገኛለሽ፤ በውስጡ ዶክዩመንት የሚለው ፋይል ጽሑፍሽ ነው፣ ሚዲያ የሚለው ደግሞ ሥዕሎችሽ። ዶክዩመንቱን በኖትፓድ ክፈቺና በኮዶቹ መሃል ያለውን ጽሑፍ ልቀሚ። ሠንጠረዡንና አርዕስቱን እንደገና መሥራት ይኖርብሻል፤ አድካሚ ነው፣ ምዕራፍ እንደ አዲስ ከመጻፍ ግን በብዙ ይሻላል።

መጠኑ ዜሮ ኪሎባይት ከሆነ ወይም ኖትፓድ ባዶውን ካሳየሽ ከዚህ ፋይል ላይ ጊዜ አታጥፊ። የሠራሽበት ኮምፒውተር ጋ ዛሬውኑ ተመለሺ። ዎርድ ካልተቀየረ በቀር በየ10 ደቂቃው የራሱን ቅጂ እዚያው ያስቀምጣል፤ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ከዚያ «ማኔጅ ዶክዩመንት» ብለሽ ፈልጊ። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ሁሉን የሚያጸዳ ፕሮግራም ተጭኖበት እንደሆነ ግን ባለቤቱን ጠይቂ፤ ካለ እዚያ ምንም አይቆይም። ያኔ የሚቀረው ለአማካሪሽ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል የላክሽው የመጨረሻ ረቂቅ ነው፤ እሱን አውርጂና ከዚያ ቀጥዪ።