ሙጫው ከመከፈቱ በፊት

ሰላም ናችሁ? በዚህ ዕትም ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ስለሚካሄድባቸው ትንንሽ ምስሎች። ሣጥኑን ከፍታችሁ ወታደሮቹን ተገጣጥመው ታገኟቸዋላችሁ ስትሉ እጅ ለብቻ፣ እግር ለብቻ፣ ጭንቅላት ለብቻ ፍሬም ላይ ተሰድረው ጠበቋችሁ። አይዟችሁ፣ ሁላችንም የጀመርነው እዚያው ነው። ገና ቀለም ሳይነካ፣ መገጣጠሙ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሣጥኑን መልሶ የሚከድን ሰው ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያዎቹን አምስት ወታደሮች በሱፐር ግሉ ገጣጠምኳቸው። አምስቱም ቆሙ፣ ደስ አለኝ። በሳምንቱ አንዱን ከጠረጴዛ ሳነሳው ክንዱ ተገንጥሎ ወደቀ። ሌላኛው ደግሞ አንገቱ አካባቢ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አወጣ። ሙጫው መጥፎ ነው ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው?» (ክንዱ የወደቀበት)

መልስ፦ ሙጫው ደህና ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ የሚሆን አይደለም። ሱፐር ግሉ ሁለቱን ቁራጮች ከላይ ይይዛቸዋል እንጂ አያዋህዳቸውም። ሲደርቅ ደግሞ እንደ መስታወት ደረቅ ስለሚሆን ትንሽ ሲመታ ይለቃል። ለሞዴል ተብሎ የሚሸጠው የፕላስቲክ ሙጫ ሥራው ሌላ ነው። የሁለቱንም ፊት ትንሽ ያቀልጠዋል፣ የቀለጠው ከቀለጠው ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ ሙጫው ተኖ ሲያልቅ የሚቀረው አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። በኋላ እሰብራለሁ ብትል እንኳ ከመጋጠሚያው ይልቅ ሌላ ቦታ ሊሰበር ይችላል።

እንግዲህ ፍሬም ላይ ለሚመጣ ጠንካራ ፕላስቲክ የፕላስቲክ ሙጫ ነው። ለሬዚን (ቅርጽ ውስጥ ፈሶ ለሚጠነክረው ሌላ ዓይነት ቁስ) እና ለብረት ግን ይህ ሙጫ ምንም አይሠራም፣ ሊያቀልጣቸው ስለማይችል ቀኑን ሙሉ ይዘህ ብትቀመጥም አይያዙም። ሱፐር ግሉ ቦታው እዚያ ነው። ከባድ ክንድ ወይም ክንፍ ከሆነ ሙጫውን ብቻ አትመን፤ በአንድ ሚሊሜትር የእጅ መሰርሰሪያ ሁለቱም በኩል ብሳና የወረቀት ክሊፕ ሽቦ ቆርጠህ መሃሉ ክተትበት።

ነጩ ነገር የሱፐር ግሉው ትነት ነው፣ ዙሪያው ላይ አርፎ ነጣ። ብዙ ሙጫ ስታደርግ ይብሳል። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየርና በዕቃው ላይ ባለ እርጥበት ስለሆነ፣ ሲበዛ ከመጠንከር ይልቅ ይዘገያል። በስቴኪኒ ጫፍ የተነካች ነጥብ ትበቃለች። የነጣው ከሥር ቀለም በታች ስለሚሸፈን አትጨነቅበት። መስታወት መሳይ ጥርት ያለ ቁራጭ ላይ ከሆነ ግን ይበላሻል፤ ለእሱ ነጭ ኮላ ተጠቀም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ጀማሪ የሚቸኩለው ሙጫው ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሙጫው በፊት ያለውን ነው በጣም የምወደው። ክንዱን ከፍሬሙ ስትቆርጥ የመቁረጫ ፒንሳውን ጠፍጣፋ ጎን ወደ ክንዱ አዙርና መጀመሪያ ራቅ አድርገህ ቁረጥ፣ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ጉቶ ይቅር። ቀጥሎ ጉቶውን ጠጋ ብለህ ቁረጥ። የመጨረሻዋን እብጠት በካተር ላጫት። በአንዴ ተጠግተህ ከጨመቅከው ፕላስቲኩ ይጨነቅና ነጭ ጠባሳ ይተዋል፣ አንዳንዴም ከክንዱ ላይ ቦጭቆ ጉድጓድ ይሠራል። ከዚያ ያለ ሙጫ ግጠመው። አዎ፣ ያለ ሙጫ። ክንዱን በጣትህ ይዘህ ወዲህ ወዲያ አዙረው። ሰይፉ ፊቱን ጋረደው? ጠመንጃው ደረቱን ነካው? ጭንቅላቱን ወደ ሰይፉ ስታዞረው ሰውየው የሚያየው ነገር አገኘ? አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ግን ምስሉ ነፍስ የሚዘራው እዚህ ጋ ነው።

ጠመንጃ በሁለት እጁ የሚይዝ ወታደር ከሆነ ደግሞ አንዱን ክንድ አጣብቀህ ሌላውን ለነገ አታቆየው። ግራውን፣ ቀኙንና ጠመንጃውን በአንድ ጊዜ አያይዝ፣ ሙጫው ገና ለስላሳ እያለ ሦስቱን አስማማ። ነገ የሚመጣው ሁለተኛው እጅ ሁልጊዜ ሁለት ሚሊሜትር ይጎድለዋል።

የወደቀውን ክንድ ለመመለስ የደረቀውን ሱፐር ግሉ ከሁለቱም በኩል ፍቀህ ባዶው ፕላስቲክ እስኪታይ አጽዳው። የፕላስቲክ ሙጫ ሱፐር ግሉን ማቅለጥ ስለማይችል በላዩ ብታደርገው ድካም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ቀለም ከቀባሁት በኋላ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚወርድ ቀጭን መስመር ታየኝ። ጀርባው ላይ ደግሞ ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት ተከፍቷል። ሳልቀባው በፊት አልነበረም!»

መልስ፦ ነበረ፣ ቀለሙ ነው ያወጣልህ። ፕላስቲኩ የሚፈስበት ቅርጽ ሁለት ክፍል ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ምስሉ ላይ መስመር ሆኖ ይቀራል። በግራጫ ፕላስቲክ ላይ ዓይን አያየውም፣ ስለዚህ በጥፍርህ ፈልገው። መብራትህን ወደ ጎን አድርገህ ምስሉን ቀስ እያልክ ብታዞረውም ጥላው ይነግርሃል። የካተሩን ስለታም ጎን አትጠቀም። የስለቱን ጀርባ አጋድመህ መስመሩን በቀስታ ፋቅ ፋቅ አድርገው። ክብ ነገር ላይ፣ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝና እግር፣ ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ይሻላል።

ለክፍተቱ አንድ የምወደው ዘዴ አለ። የቀረውን ፍሬም አትጣለው። በደቃቁ ቆራርጠህ ሊያልቅ በተቃረበ የፕላስቲክ ሙጫ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረውና ክዳኑን ዘግተህ አሳድረው። ወፍራም ሊጥ ይሆናል። እሱን ክፍተቱ ላይ ትንሽ ከፍ አድርገህ ቀባው፣ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው። የተሞላው በራሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ቦታውን አንተም አታገኘው። ሬዚንና ብረት ላይ ግን ይህ አይሆንም፣ ሁለት ክፍሎቹ አንድ ላይ ተለውሰው የሚደርቀውን ስቱኮ ተጠቀም። ስታለሰልሰው ጣትህንና መሣሪያህን ውኃ አስነካ፣ አለዚያ ተጣብቆ ይመጣል።

ጥያቄ፦ «መቆሚያቸው ላይ አሸዋ ለጠፍኩ። ቡናማ ቀለም ስቀባው ግን አሸዋው እየተነሳ ብሩሹ ላይ መጣ። ያልተነሳውም ወጥ ነው፣ ወታደሩ መሬት ላይ የቆመ ሳይሆን ብስኩት ላይ የተተከለ ነው የሚመስለው። ምን ልሥራ?» (አሸዋው ያስቸገራት)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስላመጣሽው በጣም ነው ደስ ያለኝ። ብዙ ሰው ፊትና ልብስ ላይ ሰዓታት ይፈጅና መቆሚያውን በአምስት ደቂቃ ይዘጋዋል። ከአንድ ሜትር ርቀት ስታይው ግን ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው መሬቱ ላይ ነው፣ ሠራዊቱን አንድ ሠራዊት የሚያስመስለውም እሱ ነው።

በመጀመሪያ የመነሳቱ ነገር። አሸዋውን በነጭ ኮላ ለጥፈሽ አራግፈሽ አሳድረሽዋል እንበል። ኮላው የያዘው የታችኛውን ረድፍ ብቻ ነው፣ የላይኞቹ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው የተቀመጡት። ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ኮላና ውኃ እኩል በእኩል ቀላቅለሽ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረሽ፣ በላዩ አንጠባጥቢበት። ሳሙናው ውኃው ኳስ ኳስ ከመሆን ይልቅ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ያደርገዋል። ወተት የፈሰሰበት ይመስልና ያስደነግጣል፣ ሲደርቅ ይጠፋል። እንደገና አሳድሪው። ከዚያ በኋላ ብሩሽ አያነሳውም።

ሁለተኛው፣ ወጥ የመሆኑ ነገር። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይረዳል። የተለመደው የ28 ሚሊሜትር ምስል ከእውነተኛ ሰው በግምት 60 እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ መቆሚያው ላይ አንድ ሚሊሜትር ማለት በወታደሩ ዓለም 6 ሴንቲሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት ለእሱ በእጁ የሚወረውራት ድንጋይ ናት፤ አምስት ሚሊሜትር የሆነች ጠጠር የሚቀመጥባት 30 ሴንቲሜትር ድንጋይ ናት። ሁሉም ቅንጣት እኩል ሲሆን ሰውየው የድንጋይ ክምር ላይ የቆመ ይመስላል። መሬት እንዲህ አይደለም። አብዛኛው ደቃቅ አፈር ነው፣ እዚህም እዚያም ጠጠር፣ አንድ ቦታ ላይ ትልቅ ድንጋይ። ስለዚህ ትልቁን መጀመሪያ በሱፐር ግሉ አስቀምጪ፦ የተቆረሰ ቡሽ፣ የዛፍ ቅርፊት ወይም እውነተኛ ጠጠር። ድንጋዩን መሃል ላይ አታድርጊው፣ ወደ ጎን ይሁን። ቀጥሎ ሥሩ ላይ ሻካራ አሸዋ ጥቂት፣ በመጨረሻ ቀሪውን በደቃቁ ሸፍኚ። ከባሕር ዳርቻ የመጣ አሸዋ ከሆነ ጨው ስላለው አጥበሽ አድርቂው።

ቀለሙ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ፣ ሁሉም ጉድጓድ ውስጥ እስኪገባ። ሲደርቅ ፈዘዝ ያለ ቡናማ በደረቅ ብሩሽ፤ ማለትም ብሩሹን ቀለም አስነክተሽ ወረቀት ላይ ጠርገሽ ጠርገሽ፣ አልቋል ስትዪ ያኔ አሸዋው ላይ አመላልሺው። ቀለሙ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይነካል፣ መሬቱም ጎላ ብሎ ሲወጣ ታዪዋለሽ። በመጨረሻ ክሬም መሳይ ቀለም፣ ድንጋዩና ጠርዙ ላይ ብቻ፣ በጣም ትንሽ።

ሣሩን ሁሉም ቦታ አትበትኚው። ሣር የሚበቅለው ድንጋይ ሥር፣ ውኃ የሚያቆርበት ጥግ ነው፣ የሚረገጥ ቦታ ላይ አይበቅልም። ቁመቱንም በዚያው ሒሳብ ምረጪ፦ ስድስት ሚሊሜትር ሣር ለወታደሩ 36 ሴንቲሜትር፣ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ሦስት ቦታ ትንሽ ትንሽ ሣር ይበቃል።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ አሥር ወታደር ሠርቼ ከወራት በኋላ ሌላ አሥር ስጨምር የትኛውን ቡናማ እንደተጠቀምኩ ረሳሁት። ጎን ለጎን ሲቆሙ ከሁለት አገር የመጡ ይመስሉ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር መቆሚያ እንደገና ለመቀባት ተገደድኩ። ከዚያ ወዲህ የቀለሞቹን ስም በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጽፌ ከቀለም ሣጥኑ ክዳን ጀርባ እለጥፋለሁ። የመቆሚያው ጠርዝም ለሁሉም አንድ ቀለም ይሁን፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ።

ጥያቄ፦ «25 ሚሊሜትር መቆሚያ ልጠቀም ወይስ 32?»

መልስ፦ የምትጫወተው ጨዋታ ደንብ የሚለውን። በብዙ ጨዋታዎች ርቀት የሚለካው ከመቆሚያው ጠርዝ ስለሆነ ሰባት ሚሊሜትር ልዩነት ያመጣል። ለመደርደሪያ ከሆነ የወደድከውን።

ጥያቄ፦ «ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ ይህን ነገር እጅግ ወዶታል። ካተሩና ሙጫው ግን ያስፈራኛል። ልፍቀድለት?» (አባት)

መልስ፦ ይፍቀዱለት፣ ግን መጀመሪያ ላይ አብረውት ይቀመጡ። ያለ ሙጫ ተጫን ተደርገው የሚገጠሙ ምስሎች አሉ፤ በእነሱ ይጀምር። ለመጀመሪያው ወር ካተር አያስፈልገውም፣ ፒንሳ፣ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ይበቁታል። ካተር የሚይዝበት ቀን ሲመጣ አዲስ ስለት ይስጡት። የደነዘ ስለት ኃይል ይጠይቃል፣ ኃይል ሲበዛ ነው የሚያዳልጠው። ስለቱ የሚሄድበት መንገድ ላይ አውራ ጣቱ እንዳይኖር ደጋግመው ይንገሩት።

ሱፐር ግሉ ጣቱን ካጣበቀው እንዳይጎትት፤ ሞቅ ባለ የሳሙና ውኃ ነክሮ ቀስ ብሎ ያላቅቀው። አሴቶንም ያላቅቃል፣ ነገር ግን ምስሉን ከነካው ያቀልጠዋል። ዓይኑን ከነካው ሳይዘገዩ ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ሬዚን ለጊዜው አይግዙለት። ሲሞረድ የሚወጣው አቧራ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ በውኃ እያራሱ፣ ጭምብል አድርገው ነው የሚሠሩት። የስፕሬይ ቀለም ደጅ ላይ ይሁን፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ በስሱ እየተደጋገመ።

ጥያቄ፦ «ሁሉንም አጣብቄ ልቀባ ወይስ ቀብቼ ላጣብቅ?»

መልስ፦ ያለ ሙጫ ስትገጥመው ብሩሽህ የማይደርስበት ቦታ አገኘህ? ካገኘህ ያንን ቁራጭ ለብቻው ቀባው። ደረቱን የሚሸፍን ጋሻ ወይም ካባ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሌላው ተጣብቆ ይቀባ። ለይተህ የምትቀባው ላይ መጋጠሚያውን በትንሽ ፕላስተር ሸፍነው፤ የፕላስቲክ ሙጫ ቀለም ላይ ስለማይይዝ ባዶውን ፕላስቲክ ማግኘት አለበት። ረስተህ ከቀባኸው ደግሞ መጋጠሚያውን ብቻ በካተር ጫፍ ፋቀው።