«ፈርመሃል» ማለት «መብት የለህም» ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ የምሠራ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ወገቤን ከታመምኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ዓመት ጥቅምት አንድ የግል ሕክምና ማዕከል «ሕመሙ በአከርካሪ አጥንቶችህ መሃል ካሉት ዲስኮች ከየትኛው እንደሚመጣ እንለይ» ብለው ወገቤ ውስጥ በመርፌ ፈሳሽ አስገቡ። ዲስኮግራፊ ይሉታል። በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ፣ ትኩሳትም ያዘኝ። ተመልሼ ብሄድ «መርፌው ነው፣ ይለቅሃል» ብለው ማስታገሻ ሰጡኝ። ከሃያ ቀን በኋላ ሌላ ሆስፒታል ኤምአርአይ ተነስቼ ዲስኩ ኢንፌክሽን እንደያዘ ታወቀ። ስድስት ሳምንት በደም ሥር መድኃኒት ወሰድኩ። ማዕከሉ «ፈርመሃል» ይለኛል። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርዎ። አዎ፣ መክሰስ ይችላሉ።

የላኩልኝን የፊርማ ወረቀት ፎቶ አጉልቼ አየሁት። አንድ ገጽ ነው፣ ሙሉውን በእንግሊዝኛ። የምርመራው ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። ከታች የተንጋደደ ፊርማዎ አለ። ጋውን ለብሰው፣ ጉልበትዎ ላይ አስደግፈው እንደፈረሙ ነግረውኛል። እነሱ ይህን ወረቀት ጋሻ አድርገውታል። እኔ ግን የእርስዎ ማስረጃ ሆኖ ነው የታየኝ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 20 ሰው የሕክምና ምርመራን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እምቢ ለማለት ደግሞ ምን እንደሚደረግብን ማወቅ አለብን። ዲስኮግራፊ አያድንም። ዲስኩ ውስጥ ፈሳሽ እየገፉ «የለመድከው ሕመም ይሄ ነው?» ብለው የሚጠይቁበት ምርመራ ነው። ኢንፌክሽን አልፎ አልፎ የሚከተል፣ የታወቀና ከባድ ጣጣው ነው። ይህን በአማርኛ ያስረዳዎት ሰው ነበር? ካልነበረ አብሮዎት የገባው ታናሽ ወንድምዎ ምስክር ይሁን። ወረቀቱ እንከን ባይኖረው እንኳ የፈቀዱት መርፌውን ነው። ቸልተኝነትን አልፈቀዱም።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎ አልፈልግም። ኢንፌክሽን መከሰቱ ብቻውን የሐኪም ጥፋት አይደለም፤ በጥንቃቄ ተሠርቶም ይከሰታል። ቁጥር 2031 የሚጠይቀው ባለሙያው የሙያውን ደንብ ጠብቋል ወይ ብሎ ነው። ስለዚህ የክሱን ክብደት መርፌው ላይ አላደርገውም። ተመልሰው የሄዱበት ቀን ላይ ነው የማደርገው። ወገቡ በመርፌ የተነካ ሰው ትኩሳት ይዞት፣ መራመድ አቅቶት ሲመጣ የደም ምርመራ ሳይታዘዝለት በማስታገሻ መሸኘቱ ተገቢ ነው ወይ? ይህን ለፍርድ ቤት የሚያስረዳ የአጥንት ወይም የነርቭ ስፔሻሊስት ያስፈልገናል። ያ ሃያ ቀን ያሳስበኛል፤ ጉዳይዎ የሚቆመውም የሚወድቀውም እሱ ላይ ይመስለኛል። ጥፋቱ ከተረጋገጠ በቁጥር 2651 መሠረት ማዕከሉ ራሱ ለቀጠራቸው ሐኪሞች ጥፋት ይጠየቃል።

አሁን ወደ ጊዜው። በቁጥር 2143 የጉዳት ካሣ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በውል ላይ የሚመሠረት ክስ ረዘም ያለ ጊዜ ሊኖረው ይችላል፣ ግን ነገርዎን በዚያ ላይ አይጣሉት። መጪውን ጥቅምት መጨረሻዎ አድርገው ይቁጠሩት። ማዕከሉ «እንነጋገር፣ እንታረቅ» እያለ ወራት እንዳይበላብዎ። ሽምግልናው ጥሩ ነው፤ ክሱ ግን ይግባ።

በዚህ ሳምንት የካርድዎን ሙሉ ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ያድርጉት፤ አንዱ ላይ ቀንና ማህተም ያስመቱና ይያዙት። እምቢ ካሉ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልን እንጠይቃለን። የመድኃኒት ደረሰኞች፣ የንግድ ፈቃድዎ፣ የግብር ደረሰኝዎ ሁሉ ይፈለጋሉ። ባጃጁ የቆመባቸውን ቀናት ገቢ የምናስረዳው በእነሱ ነው። ለደረሰብዎ የሕሊና ጉዳት ግን ብዙ አይጠብቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል፣ ቁጥር 2116። ዛሬ ለአንድ ሰው ስቃይ ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ መሻሻል የነበረበት ገና ድሮ ነው። ገንዘቡ ያለው በሕክምና ወጪውና በተቋረጠው ገቢ ላይ ነው።

ለጠበቃ አቅም ካነሰዎት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የዳኝነት ክፍያው ከከበደዎት በድህነት ለመክሰስ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይቻላል።

የኤምአርአይ ሲዲውን ባጃጁ ኪስ ውስጥ እንዳስቀመጡት ጽፈውልኛል። የባሕር ዳር ፀሐይ ያበላሸዋል። ዛሬውኑ አውጥተው ቤት ያስገቡት።