«ኦፕን ሃውስ ጠርተውናል፤ እንሂድ ወይስ እንቅር?»

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቁ 6 ዓመቱ ነው። ላቲንና የጥንት መጻሕፍትን የሚያስተምር፣ «ክላሲካል ክርስቲያን» የሚባል ትምህርት ቤት አዳዲስ ቤተሰቦችን ለመቀበል ኦፕን ሃውስ (የጉብኝት ቀን) አዘጋጅቶ ጠርቶናል። ባለቤቴ «ላቲን ምን ያደርግለታል?» ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው። እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። ክፍያውም ከባድ ነው። ብንሄድ ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ ሂዱ፣ እህቴ። ሁለታችሁም ሂዱ፤ ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ።

እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል። በኦፕን ሃውስ ቀን በር ላይ ቆሜ እንግዳ የምቀበለው እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን እንዳንቺ እናት ሆኜ ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ደረቴ ላይ የለጠፉልኝ ወረቀት ላይ ስሜ ተሳስቶ ተጽፏል። ከባለቤቴ ጋር የወረቀት ኩባያ ይዘን ግድግዳ ሥር ቆምን። አንድም ሰው መጥቶ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አላለንም። ልጄ ቀና ብላ «እማዬ፣ እኛን አልጠሩንም እንዴ?» አለችኝ። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ የምሄደው ግድግዳ ሥር ወደቆመው ቤተሰብ ነው። አንቺም ስትሄጂ ይህንን እዪ። አዳራሹ ማማሩን ተዪው። ልጅሽን በስሙ የጠራው ማነው? ጎንበስ ብሎ ያናገረው አስተማሪ አለ ወይ?

አሁን ወደ ባለቤትሽ ጥያቄ ልምጣ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

አባቴ የዋሸራ ቅኔ ተማሪ ነበር። ማታ ማታ ጋቢውን ተከናንቦ «ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ» እያለ የግዕዙን ግስ አርእስት ሲወርድ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በአንድ ክፍል በር ሳልፍ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ቆመው፣ እያጨበጨቡ «ሮዛ፣ ሮዛይ፣ ሮዛይ፣ ሮዛም» ይላሉ። የላቲን ስም እርባታ ነው። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባቴን የሰማሁት መሰለኝ።

ነገሩ እንግዳ አይደለም ማለቴ ነው። በእኛ አገር ልጅ መጀመሪያ ንባብ ቤት ይገባል። ፊደል ይቆጥራል፣ ትርጉሙን በቅጡ ሳያውቅ ዳዊት ይደግማል። ቅኔ ቤት ሲደርስ ግሱንና አገባቡን ይማራል። ከዚያ ራሱ ጉባኤ ቃና የምትባለውን አጭር ቅኔ ቆጥሮ ለየኔታ ይነግራል። ክላሲካል ትምህርት ቤቶችም ሦስት ደረጃ አላቸው፤ ሰዋስው፣ ሎጂክ (አመዛዝኖ የመከራከር ትምህርት)፣ የንግግር ጥበብ። ትንንሾቹ በቃላቸው ይይዛሉ። 12 ዓመት አካባቢ «ለምን?» እያሉ መከራከር ሲጀምሩ ሎጂክ ይሰጣቸዋል። ሃይ ስኩል ሲደርሱ ቆመው መናገርና አሳምረው መጻፍ ይማራሉ። ሦስቱ ትምህርቶች የመካከለኛው ዘመን ናቸው። ከልጅ ዕድሜ ጋር ያዛመደቻቸው ግን እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ዶሮቲ ሴየርስ ናት፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ ባቀረበችው ንግግር። በአሜሪካ ሐሳቡን ቀድመው ከሞከሩት አንዱ አይዳሆ ውስጥ ሞስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1981 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ በብዙ ግዛቶች አሉ።

የላቲንን ጥቅም ከጠየቃችሁ፣ የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙው ክፍል በቀጥታም በፈረንሳይኛ በኩልም የመጣው ከላቲን ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ላይ የአገሬው ልጅ ከልጅሽ ይቀድማል፤ ቤቱ ሲወራ ሰምቶ ነው የመጣው። ላቲን ግን በማንም ቤት አይወራም። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ቤታቸው አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚነገር ልጆች በላቲን ክፍል እጃቸውን ቀድመው ሲያወጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሁለት ቋንቋ ለለመደ ጆሮ ሦስተኛው አይከብድም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዓመቱን ሙሉ ሲሸመድድ የሚውል ልጅ አልተማረም። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ደብተር አሳዩን በሉ። ልጁ በራሱ አባባል የጻፈው ነገር ካላያችሁ እኔ እዚያ ላይ እጠራጠራለሁ። የመጻሕፍቱንም ዝርዝር ጠይቁ። ግሪክና ሮም ይበዛበታል። አፍሪካም ግን አለችበት፤ የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው አውግስጢኖስ የተወለደው በዛሬዋ አልጄሪያ ነው። የእስክንድርያው አትናቴዎስም ብዙ ክላሲካል ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይነበባል፤ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እሱ ነው። «አክሱምን የምታስተምሩት ስንተኛ ክፍል ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን ስትጠይቂ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ።

ሃይማኖቱን በተመለከተ፣ ከሁሉ በፊት የእምነት መግለጫቸውን ወረቀት ተቀበይና ቤትሽ ይዘሽ ሂጂ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት መሠረቱ የኒቅያ ጸሎተ ሃይማኖት ብቻ ነው። እሱን አንቺም በየቅዳሴው ትይዋለሽ። ሌላው ግን ወላጅ «መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ፣ በእምነት ብቻ» በሚል መግለጫ ላይ እንዲፈርም ይጠይቃል። መግለጫውን ማንበብ እንጂ ማመን ግዴታ ያልሆነባቸውም አሉ። ልዩነቱን ገና ከመግባታችሁ በፊት እወቁት። የማታምኚበትን አትፈርሚ፤ ለልጅሽ እውነት እንዲናገር የምታስተምሪው አንቺ ነሽ። ስለ ጾም፣ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ጥምቀት ልጁ ክፍል ውስጥ ቢናገር አስተማሪው ምን እንደሚመልስ ፊት ለፊት ጠይቂ። በጃኑዋሪ 7 ለገና ቢቀር ፈቃድ ይሰጡት እንደሆነም። አንድ እናት ይህንን ስትጠይቀኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ የቀድሞው ትምህርት ቤት ልጇን ለገና ስለቀረ «ቀሪ» ብሎ ጽፎባት ኖሯል።

ክፍያ ላይ ባጭሩ። የወጣው ዋጋ መጽሐፍንና ዩኒፎርምን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። የወንድምና የእህት ቅናሽ አለ ወይ? የገንዘብ እርዳታ ፎርም ብዙ ጊዜ የታክስ ወረቀት ስለሚጠይቅ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ቀነ ገደቡም አያምልጣችሁ፤ እርዳታው ቀድሞ ላመለከተ ነው የሚደርሰው። እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ ልጄን ያስተማርኩት በእሱ ነው። ልጅሽ የንግግር ሕክምና ወይም ሌላ ልዩ ድጋፍ የሚያገኝ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። የመንግሥት ትምህርት ቤት በሕግ ያለበት ግዴታ የግል ትምህርት ቤት ላይ በዚያው ልክ የለም።

ስለ እንግሊዝኛሽ አትጨነቂ። የጻፍኩልሽን ጥያቄ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ቢጠፋብሽ ታነቢዋለሽ። ያንን ወረቀት አይቶ የሚጣደፍብሽ ሰው ካለ ያ ራሱ መልስ ነው።

ኦፕን ሃውስ ደግሞ ሰርግ ነው፤ ሁሉም አምሮ ይውላል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ተራ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ተመልሳችሁ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ቀጠሮ ያዙ። አርፍዶ የሚሮጠውን ልጅ፣ የምሳውን ሰዓት፣ የደከመውን አስተማሪ እዩ። በእኛ ትምህርት ቤት ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ የሐበሻ ቤተሰቦች የወሰኑት በዚያ ቀን ነው።

ልጁን ደግሞ ከቤት አብልታችሁት ውጡ። ጉብኝቱ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የሚቀርበው ብስኩትና ጭማቂ ብቻ ነው።