የመዘግየት ትንተናን ዘዴ የሚወስነው መዝገቡ ነው

ጥያቄ፦ በአንድ ሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ የቢሮ መሐንዲስ ነኝ። ሥራችን ከውሉ ቀን 5 ወር ዘግይቶ ተጠናቋል። የጸደቀውን የሥራ መርሐ ግብር ለመጀመሪያዎቹ 9 ወራት በየወሩ ወቅታዊ ስናደርግ ቆይተን ከዚያ በኋላ አቋርጠናል፤ ዕለታዊ የሳይት መዝገቡና ቃለ ጉባኤው ግን እስከ መጨረሻው የተሟሉ ናቸው። አሠሪው ያደረሳቸውን መዘግየቶች በመጀመሪያው መርሐ ግብር ላይ ጨምረን የጊዜ ማራዘሚያ ብንጠይቅ አማካሪው መሐንዲስ ውድቅ አደረገው። የትኛው ዘዴ ይሻለናል?

መልስ፦ የተጠቀማችሁበት ዘዴ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ሥራው በተጨባጭ እንዴት እንደሄደ አይመለከትም። ለምሳሌ የመሠረት ሥራ በ60ኛው ቀን እንዲጀመር ታቅዶ ሳለ የአሠሪው ንድፍ በ90ኛው ቀን ደረሰ እንበል። ዘዴው 30 ቀን ይሰጣችኋል። ይሁንና የሳይት መዝገቡ ቁፋሯችሁ ያለቀው በ80ኛው ቀን መሆኑን የሚያሳይ ከሆነ፣ የተቆፈረው ጉድጓድ ንድፍ ብቻ ሲጠብቅ የቆየው 10 ቀን ነው። የቀሩት 20 ቀናት የሁለታችሁም መዘግየት የተደራረበባቸው በመሆናቸው ለብቻቸው፣ በውሉ ቃል መሠረት መታየት አለባቸው። አማካሪው 30ውን ቀን በጅምላ አልቀበልም ቢል አልፈርድበትም።

በእኔ እምነት ለእናንተ የሚስማማው ፕሮጀክቱን በጊዜ ክፍልፋዮች ከፍሎ የሚመረምረው የመስኮት ትንተና ነው። በመጀመሪያዎቹ 9 ወራት እያንዳንዱ ወርኃዊ መርሐ ግብር አንድ መስኮት ይሆናል፤ በመስኮቱ መጀመሪያና መጨረሻ የተተነበየውን የማጠናቀቂያ ቀን በማነጻጸር ወሳኙ የሥራ መስመር (ቢዘገይ የማጠናቀቂያውን ቀን የሚያዘገየው የሥራዎች ሰንሰለት) የት እንዳለፈና ስንት ቀን እንደጠፋ ታያላችሁ። አስቀድማችሁ ግን በየመርሐ ግብሩ የገባው የሥራ ክንውን ከሳይት መዝገቡ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። ለቀሪው ጊዜ ወቅታዊ መርሐ ግብር ስለሌላችሁ፣ የታቀደውንና በተጨባጭ የተሠራውን በየመስኮቱ ማነጻጸር ይበቃል። የጎደሉትን መርሐ ግብሮች ዛሬ ተቀምጦ እንደ አዲስ መፍጠርን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በዘመኑ ያልተጻፈ ሰነድ በመስቀለኛ ጥያቄ ፊት አይጸናም።

ሥራው በተጨባጭ የሄደበትን ከሚያሳየው መርሐ ግብር ላይ የአሠሪውን መዘግየት ቀንሶ ሥራው መቼ ያልቅ እንደነበር የሚያሰላው ዘዴ ዕቅድ በሌለበት ያገለግላል። ሆኖም የሥራዎቹን ቅደም ተከተል ትስስር ተንታኙ ከጊዜ በኋላ ስለሚገምተው ለክርክር የተጋለጠ ነው፤ ለእናንተም አያስፈልግም።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሉን አንብቡ፤ ዘዴውን ራሱ ወስኖት ሊሆን ይችላልና። ውሉ ዝም ካለ የብሪታንያው የኮንስትራክሽን ሕግ ማኅበር በ2017 ያሻሻለው የመዘግየት መመሪያ ጥሩ መነሻ ነው፤ ስድስት ዘዴዎችን ዘርዝሮ ምርጫው በውሉ ቃል፣ በመዝገቡ ጥራት፣ በክርክሩ የገንዘብ መጠንና በመሳሰሉት እንዲመዘን ይመክራል። በጥቂት ቀናት ላይ ለሚነሳ ክርክር የወራት ትንተና ማሠራት ተገቢ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ዘዴ አይጠግነውም። ውላችሁ የ1999ኙ የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ የተባለው መደበኛ የግንባታ ውል ከሆነ፣ በአንቀጽ 20.1 መሠረት ተቋራጩ ጉዳዩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ28 ቀናት ውስጥ ማስታወቂያ ካልሰጠ የጊዜ ማራዘሚያ መብቱን ያጣል። ስለዚህ ለተንታኝ ከመክፈላችሁ በፊት የእያንዳንዱን መዘግየት የማስታወቂያ ደብዳቤና የደረሰበትን ቀን ከፋይላችሁ አውጥታችሁ አረጋግጡ።