ስፒከር በቪዲዮ ይመረጣል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ሁለት ስፒከሮች የሚያወዳድር ቪዲዮ አየሁ። ሁለተኛው በግልጽ ይበልጣል። ልግዛው?»

ቆይ፣ አትቸኩል። አንተ ጋ የደረሰው የስፒከሩ ድምፅ ብቻ አይደለም። ድምፁ ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ተመልሷል፣ በማይክ ተቀድቷል፣ ዩቲዩብ ጨምቆታል፣ በመጨረሻም በራስህ ሄድፎን ወጥቷል። ሄድፎንህ ባስ (ወፍራሙ ድምፅ) ከሌለው ቪዲዮው ላይ ያለ ስፒከር ሁሉ ባስ የለውም።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ግን የድምፅ መጠን ነው። አንዱ በ1 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንኳ ከፍ ብሎ ከተቀዳ ጆሮ «ጮኸ» አይልም፤ «ጠራ፣ ሞላ» ነው የሚለው። ስለዚህ ሰውየው የሁለቱን መጠን ለክቶ እኩል አድርጓል? ማይኩንና የስፒከሮቹን ቦታ ሳይቀይር ነው የቀዳው? እንዲህ ካደረገ ልዩነታቸው ፍንጭ ይሰጥሃል። ካልሆነ ገንዘብህ ኪስህ ይቆይ።

«የኦዲዮ መጽሔት የሚያነብ ሰው ጠፋ። ጸሐፊዎቹ እውቀት አጥሯቸው ነው?»

ኧረ በፍጹም! ጄ. ጎርደን ሆልት እ.ኤ.አ. በ1962 ስቴሪዮፋይል የተባለውን የኦዲዮ መጽሔት ሲመሠርት፣ ዕቃን በልኬት ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ሰምቶ መፍረድን ለብዙዎች አስተማረ። መጽሔቱ በኋላ የላቦራቶሪ ልኬትም ጨመረበት። ይህ ሥራ ጊዜ ይፈጃል፤ መሣሪያና ደመወዝተኛም ይፈልጋል። ሰው ወደ ቪዲዮ ሄደ ብሎ ጥፋቱን ሁሉ ዩቲዩብ ላይ መጫን ግን ልክ አይደለም። ሃይ ፊደሊቲ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ኦዲዮ የተባለው ደግሞ በ2000 ሲዘጉ ዩቲዩብ ገና አልተወለደም።

ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ የሚሠሩትን የአማተሮቹንም ውለታ አልክድም። አንዱ መኝታ ቤቱ ሆኖ የአምፕሊፋየሩን (የድምፅ ማጉያውን) ቮልዩም ከዜሮ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲያዞር አየሁ። መጀመሪያ የግራው ስፒከር ብቻ ተሰማ፤ ቀኙ ትንሽ ቆይቶ ተከተለ። ድምፁ ዝቅ ሲል ግራና ቀኙ እኩል አይደሉም ማለት ነው። ማታ ቤተሰብ ተኝቶ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ያቺ 10 ሰከንድ ከ3 ገጽ ጽሑፍ ትበልጣለች።

«ዕቃው በነጻ የተላከለት ሰው ይታመናል?»

መጽሔቶችም ዕቃ በውሰት እየወሰዱ ነው የሚሞክሩት። ዋናው ነገር ይመልሰዋል ወይስ ይቀርለታል? ከሥር ካስቀመጠው ሊንክ ኮሚሽን ያገኛል? በግልጽ የሚናገረውን እመነው። አንድም ዕቃ ነቅፎ የማያውቀውን እለፈው።

«በቪዲዮ የወደድኩትን ስፒከር ሱቅ ሄጄ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ምንም አልጣመኝም። ችግሩ ጆሮዬ ይሆን?»

ጆሮሽ ደህና ነው እህቴ። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ሰዎች ስፒከሮችን አንዴ እያዩ፣ አንዴ በመጋረጃ ተከልለው ሰሙ። እያዩ ሲሰሙ የሰጡት ነጥብ ተለወጠ፤ ትንሹና ርካሹ ስፒከር ሲታይ ነጥቡ ወረደ። ቪዲዮ ደግሞ ከጆሮ በፊት ዓይንን ነው የሚይዘው። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ሳይነግርሽ እያቀያየረ ያሰማሽ። የምታውቂውን ዘፈን ይዘሽ ሂጂ፤ ድምፃዊቷ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደምትወስድ በቃልሽ የያዝሽውን።